ሁለተኛ አልበም እንዴት ይሰማል? ሂሱስ እንዴት ይነበባል? በ«ሩም ኦን ፋየር» እንለማመድ

ስለ አንድ ባንድ ሁለተኛ አልበም የተጻፈ ሂስ ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው አልበም ነው። የመጀመሪያው ከጆሮው ገና አልወጣም። አዲሱን የሚሰማው በዚያ ላይ ደርቦ ነው። ስለዚህ ከጻፈው ውስጥ ግማሹ የሰማው፣ ግማሹ ደግሞ የጠበቀው ይሆናል። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ ሂስ በጣም ይጠቅማል። ካልቻላችሁ ግን ልትወዱት የምትችሉትን አልበም በሰው አፍ ታልፉታላችሁ።

እኔ ሃያሲ አይደለሁም። ሥራዬ ሳውንድ ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የድርጅት ዓመታዊ በዓል፣ ሞንታርቦ ጭኜ የማልሄድበት የለም። ሚክሰር ፊት ሲቆም የሚያመሽ ሰው አንድ ልማድ ያወጣል፤ ዘፈኑን ትቶ ድምፆቹን አንድ በአንድ መስማት። እዚህ የማካፍላችሁ ያንን ልማድ ነው። ያስጻፈኝ ደግሞ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ሙዚቃ የሚመርጠው በነጥብ ሆኗል። «ጋሼ፣ ይሄኛው 6.8 ነው ያገኘው፤ ልስማው ወይስ ልለፈው?» ይለኛል በቴሌግራም። የማትሪክ ውጤት አደረገው እኮ!

መለማመጃችን ዘ ስትሮክስ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ሁለተኛ አልበም፣ «ሩም ኦን ፋየር» ነው። አጭር ነው። በቀላሉ ይገኛል። ሰው የተቀበለበት ታሪክም ለዚህ ትምህርት ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከመስማታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ (ብዙ አይደለም)

ዘ ስትሮክስ ኒውዮርክ ላይ የተሰባሰቡ አምስት ልጆች ናቸው። ጁሊያን ካዛብላንካስ ይዘፍናል፤ ዘፈኖቹንም በአብዛኛው የሚጽፈው እሱ ነው። ኒክ ቫለንሲና አልበርት ሃሞንድ ጁኒየር ጊታር ይጫወታሉ። ኒኮላይ ፍሬቸር ቤዝ፣ ፋብሪዚዮ ሞሬቲ ድራም። በ2001 መጀመሪያ ላይ ረፍ ትሬድ የተባለው የለንደን ነፃ አሳታሚ ሦስት ዘፈን ብቻ ያለበት ትንሽ ሥራ አወጣላቸው። የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦች አበዱ። ገና አልበም ሳይኖራቸው የሮክ አዳኞች ተባሉ።

የመጀመሪያው አልበም፣ «ኢዝ ዚስ ኢት»፣ በዚያው ዓመት ወጣ። 11 ዘፈን፣ 36 ደቂቃ ገደማ። ጎርደን ራፋኤል የተባለ ፕሮዲዩሰር ማንሃተን ውስጥ፣ ምድር ቤት ባለ ስቱዲዮው ነው የቀዳው። አሜሪካ ውስጥ ሲዲው ሊወጣ ሲል የመስከረም 11 ጥቃት ደረሰ። የኒውዮርክ ፖሊሶችን የሚሸነቁጠውን ዘፈን አውጥተው በሌላ ተኩበት፤ የሚወጣበትም ቀን ተገፋ። አልበሙ እንዲያ ሆኖም ነገሠ። ኤንኤምኢ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2009 የአሥር ዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎታል።

እንግዲህ ሁለተኛው የሚከተለው ይህንን ነው። በ2003 መጀመሪያ ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ፕሮዲዩሰር ከሆነው ናይጄል ጎድሪች ጋር ጀመሩ። አልሆነም። የተቀዳውን ትተው ወደ ጎርደን ራፋኤል ተመለሱ። «ሩም ኦን ፋየር» በጥቅምት 2003 ወጣ። በሽያጭ ደረጃ እንግሊዝ ውስጥ 2ኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 4ኛ ሆኖ ገባ። ሃያሲዎቹም በአብዛኛው ወደዱት። ግን የወደዱትም ሳይቀሩ አንድ ነገር ደጋገሙ፦ ያው በገሌ ነው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ሁለት ነው።

በነገራችን ላይ «ኢንዲ ናቸው ወይ?» ብሎ የሚሟገት አይጠፋም፤ ኢንዲ ማለት ከግዙፍ አሳታሚዎች ውጭ በነፃ አሳታሚ የሚሠራ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሳተማቸው አርሲኤ ነው። አርሲኤ ደግሞ ከግዙፎቹ አሳታሚዎች ወገን ነው። ክርክሩ ውሃ ያነሳል። ለዛሬ ሥራችን ግን አያስፈልግም። ድምፁ ኢንዲ ሮክ ነው፣ እንለፍ።

በመጀመሪያው ቀን፦ ዝም ብላችሁ ስሙት

ምንም ሳታነቡ ስሙት። ከላይ ያልኳችሁንም ብትረሱት ደስ ይለኛል። 33 ደቂቃ ነው፤ ከቦሌ ፒያሳ በታክሲ በሥራ መውጫ ሰዓት ሄዳችሁ ሳትደርሱ ያልቃል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቅደም ተከተሉ። ሻፍል አጥፉ። ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙት፤ መሀል ላይ ፓኬጅ አልቆ የተቋረጠ አልበም አልተሰማም ማለት ነው።

በስልኩ ስፒከር አትስሙ። ይሄን ስል እንደ ባለሙያ ልኮፈስ አይደለም። የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም። የዚህ ባንድ ግማሽ ሥራ ደግሞ ቤዙ ላይ ነው። ውድ ያልሆነ ባለ ሽቦ ኢርፎን ይበቃል። ግን ግራና ቀኙ ሁለቱም መሥራት አለበት፤ አንደኛው ጊታር በአንድ ወገን፣ ሌላው በሌላው ወገን ስለሚመጣ አንዱ ጆሮ ከሞተ አንድ ሙዚቀኛ ቀነሳችሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን አልበም የማታውቁ ከሆነ እሱንም ስሙት። ግን በዚያው ቀን አይሁን። ጆሮ በአንዱ እንደሞላ ሌላውን ሲሰማ ማወዳደር እንጂ መስማት አይችልም። የ2003 ሃያሲዎች ችግርም ይሄው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ኢዝ ዚስ ኢት»ን ሲሰሙ ከርመው አዲሱ መጣባቸው።

በሁለተኛው፦ አንድ መሣሪያ መርጣችሁ ተከተሉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሂስ ጋር መከራከር የምትችሉት ይህንን ከሠራችሁ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ዘፈን፣ «ረፕቲሊያ»ን ክፈቱ። የአልበሙ ስምም ከዚህ ዘፈን ግጥም የተወሰደ ነው። ሲጀምር ድራምና ቤዝ ብቻ ናቸው። ቤዙ ዜማ አያወጣም። አንዱን ድምፅ ይዞ ደጋግሞ ይመታል፤ ኢርፎን ካደረጋችሁ ደረታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ከዚያ ጊታሩ ይገባል። ጊታሩ ሲገባ ቤዙ ምን እንዳደረገ ስሙ። ድምፃዊው ሲጀምር ደግሞ ድምፁ ቀጭን ነው፣ በስልክ የሚያወራ ይመስላል። አዝማቹ ላይ ይጮኻል። ሲጮህ ጊታሩ ከሥሩ ዝም አይልም፤ የራሱን ዜማ ይዞ ከዘፋኙ ጋር ይሽቀዳደማል። ይህ ዘፈን ሁለት ዘፋኝ ያለው ያህል ነው፣ አንደኛው ጊታር ሆኖ።

ማን ምን እንደሚጫወት መለየት ካቃታችሁ የ«ረፕቲሊያ»ን ቪዲዮ ተመልከቱ። ካሜራው ከሞላ ጎደል ሌላ ነገር አያሳይም። ጣት፣ ክር፣ የድራም እንጨት፣ አፍ፤ ሁሉም በቅርበት። ሳውንድ ለሚማር ልጅ የማሳየው ቪዲዮ ነው።

ድምፃዊው ለምን እንደዚያ ይሰማል ለምትሉ፦ በመጀመሪያው አልበም ድምፁን በትንሽ የልምምድ አምፕሊፋየር አሳልፈው ነው የቀዱት። ሆን ብለው ነው የቆሸሸው። በሁለተኛውም መልኩ ያው ነው። እኔ አንድ ሠርግ ላይ እንደዚህ ያለ ድምፅ ባወጣ የሙሽራው አባት ሚክሰሩን ከነጠረጴዛው ይጥልብኝ ነበር። እዚህ ግን ያምራል። ዘፋኙ ከፊት ቆሞ ከመንገሥ ይልቅ ከጊታሮቹ እኩል ይቀመጣል።

ከዚያ ወደ አራተኛው፣ ወደ «ትዌልቭ ፊፍቲ-ዋን» ሂዱ። መጀመሪያ ለሰው ያሰሙት ይህንን ነው። ዜማውን የያዘውን ድምፅ ስሙና ምን መሣሪያ እንደሆነ ገምቱ። አብዛኛው ሰው ኪቦርድ ይላል። ጊታር ነው። የኒክ ቫለንሲ ጊታር። የሰማንያዎቹን ሲንተሳይዘር እስኪመስል ድረስ ድምፁን ቀይሮታል። ጭብጨባም አለበት።

«አውቶማቲክ ስቶፕ» ላይ የጊታሩን አመታት ብቻ ያዙ፤ ወደ ሬጌ ያዘነብላል። ለሐበሻ ጆሮ ይሄ አይጠፋም። «አንደር ኮንትሮል» ደግሞ ቀስ ያለ ነው። የድሮ የጥቁር አሜሪካውያን ሶል ያሸታል። ሌሎቹን በፍጥነት ብታልፏቸው አልከፋም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ያሉት አንዳንዶቹ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ሐሳቡ ሳይበስል የተቀዱ ናቸው።

አሁን አንድ ወረቀት ላይ ለየዘፈኑ አንድ መስመር ጻፉ። «አሪፍ» እና «ፎርፌ» አይፈቀድም። የሰማችሁትን ነገር ብቻ፦ ቤዙ አንድ ድምፅ ላይ ቆመ፣ ጊታሩ ኪቦርድ መሰለ፣ ድራሙ እንደ ማሽን ነው። ይህ ወረቀት ነው ነገ የሚያከራክራችሁ።

አሁን ሂሱን አውጡ

ሦስት ሂስ ፈልጉ። አንድ ያመሰገነ፣ አንድ ያጣጣለ፣ አንድ መሀል የቆመ። ነጥቡን በእጃችሁ ሸፍኑት። እውነቴን ነው፣ ሸፍኑት። ቁጥር ካያችሁ በኋላ ጽሑፉን የምታነቡት ቁጥሩን ለማጽደቅ ነው።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹን ለዩ። ልምምድ እንዲሆን እኔ ራሴ የፈጠርኳቸውን ሦስት ልስጣችሁ።

«ጊታሮቹ እንደ ሰማንያዎቹ ኪቦርድ ይሰማሉ።» ይህ በጆሮ ይረጋገጣል። ወረቀታችሁን አውጡና አመሳክሩ። ከሥሩ አስምሩበት።

«ከሁለት ዓመት ጩኸት በኋላ ልጆቹ የደከሙ ይመስላሉ።» ይህ ወሬ ነው። ድካም በየትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ቦታ ተሰማ? ካልተናገረ ስለ ጋዜጦቹ እንጂ ስለ አልበሙ አልጻፈም።

«በዚህ አያያዝ ሦስተኛውን አያወጡም።» ይህ ጥንቆላ ነው። ይሰረዝ።

ስለ ዘ ስትሮክስ በተጻፉት ላይ ይህን ስትሠሩ የምታገኙትን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዓይነት ይበዛል። ስለ ልብሳቸው ይወራል፤ ጠበብ ያለ ጂንስ፣ የተንጨባረረ ፀጉር። ስለ ከተማው ይወራል። ሀብታም ቤት ስለማደጋቸው ይወራል። ድራሙን የሚጠቅስ ከተገኘ እሰየው ነው። ይህን ሁሉ ጫጫታ ባንዱ ራሱ የሰማው ይመስላል። አልበሙ ሲከፈት ካዛብላንካስ መጀመሪያ የሚዘፍነው እንዲረሳ እንደሚፈልግ ነው።

«ያው በገሌ» የሚለውን ክስ ግን ለብቻው እንየው። እሱ እውነት አለው። ቁጠሩት። መጀመሪያው 11 ዘፈን፣ ሁለተኛውም 11። ፕሮዲዩሰሩ ያው ሰው። የድምፃዊው ድምፅ ያው የቆሸሸ። ርዝመቱ እንዲያውም በሦስት ደቂቃ ገደማ አጥሯል። ስለዚህ ከሳሾቹ አልዋሹም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ መመሳሰሉ ጉድለት የሆነው ለማን ነው? ጎድሪችን ይዞ የጀመረ ባንድ ሌላ ድምፅ ለማውጣት ዕድሉ ነበረው። ትቶት ተመለሰ። ይህ ስንፍና ሳይሆን ምርጫ ነው። ምርጫውን መንቀፍ ይቻላል፤ ግን እንደ ምርጫ ነው የሚነቀፈው።

ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ሦስተኛው አልበም በ2006 ወጣ። 14 ዘፈን፣ ከ50 ደቂቃ በላይ። ፕሮዲዩሰር ቀየሩ፣ ድምፁ ጠራ፣ ጊታሮቹ ከበዱ። አሁንስ ምን ተባለ? ረዘመ፣ ተንዛዛ፣ የድሮው ይሻል ነበር። ሲመሳሰል ያው በገሌ፣ ሲቀየር ምነው ባልቀየራችሁት! እኛም አገር በካሴቱ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ወግ ያውቀዋል። ለበዓል አዲስ ካሴት ወጥቶ ገና አንደኛው ፊት ሳያልቅ «እንደ መጀመሪያው አይሆንም» የሚል አንድ አጎት በየቤቱ ነበር።

ቀኑን እዩ

ሂሱ መቼ እንደተጻፈ ሳታዩ አትመኑት፣ አትናቁትም። አልበሙ በወጣ ሳምንት የሚጽፍ ሰው ምናልባት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሰማው። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጽፍ ደግሞ የራሱን ወጣትነት ከዘፈኑ ጋር ደባልቆ ይሰማል። ሁለቱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

ፒችፎርክ የተባለውን የአሜሪካ የኢንተርኔት ሙዚቃ መጽሔት ውሰዱ። ለመጀመሪያው አልበም ከአሥር 9.1 ሰጠ። ለ«ሩም ኦን ፋየር» በ2003 የሰጠው 8.0 ነው። በ2021 ደግሞ የድሮ ነጥቦቻችንን ብንቀይር ብለው አንድ ዝርዝር አወጡ። «ሩም ኦን ፋየር» 9.2 ሆነ። ልብ በሉ፤ «ያው ነው፣ ግን ያንሳል» የተባለው አልበም ከመጀመሪያው በለጠ! በዚያው ዝርዝር ኢንተርፖል የተባለው የኒውዮርክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ከ9.5 ወደ 7.0 ወረደ። በመሀሉ አልበሞቹ ላይ አንዲት ኖታ አልተነካችም።

እኔን ከጠየቃችሁ 9.2 በዝቷል። «ረፕቲሊያ» እና «አንደር ኮንትሮል» መጀመሪያው አልበም ላይ ካሉት ሁሉ ይበልጣሉ፣ በዚህ አልደራደርም። ግን ጥሩ አልበም መጨረሻው ላይ አይሳሳም፤ ይሄ ይሳሳል። 9.2 የሰጡት ሰዎች በ2003 ሃያ ዓመት ገደማቸው የነበረ ይመስለኛል። ይሄ የኔ ጥርጣሬ ነው፤ ወረቀት ላይ «ወሬ» ብላችሁ መድቡት።

የሽያጭ ደረጃን ከሂስ ጋር አትደባልቁ። 4ኛ ሆኖ መግባት ሰዎች የመጀመሪያውን ምን ያህል እንደወደዱት ይናገራል፤ ገና ያልሰሙትን ነው የገዙት።

የራሳችሁን ጻፉ

አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ሙከራው እንዲህ ይል ነበር፦ «አልበሙ ብስለት ቢታይበትም አዲስ ነገር አላመጣም።» ምን ማለት ነው? ይህን ዓረፍተ ነገር ስለ ማንኛውም ባንድ መጻፍ ይቻላል። ሳይሰሙም መጻፍ ይቻላል። መለስኩለት። ሁለት ቀን አኩርፎ ይህን ላከ፦ «አቀራረጹ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፣ ጊታሩ ግን ትዌልቭ ፊፍቲ-ዋን ላይ ኪቦርድ ሆኗል። ስለዚህ ባንዱ ቤቱን ሳይቀይር ዕቃውን ነው የቀየረው።» አቦ ይመችህ አልኩት። ይህን ያነበበ ሰው ዘፈኑን ከፍቶ ልክ ነው ወይም አይደለም ማለት ይችላል።

ስትጽፉ ቢያንስ አንድ ዘፈን በስሙ ጥሩ። ከዘፈኑ ውስጥ አንድ ቦታ አመልክቱ። የመጀመሪያውን አልበም ከአንድ ጊዜ በላይ አታንሱ። ነጥብ ካማራችሁ መጨረሻ ላይ ስጡ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አልበሙን እንደገና ሰምታችሁ ነጥቡን ለመቀየር አትፈሩ።

ቀጥሎ የምትለማመዱበት

የኢንተርፖል ሁለተኛ፣ «አንቲክስ»፣ 2004። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን የወጣ ሌላ ባንድ ስለሆነ ለማመሳከር ይመቻል። የአርክቲክ ሞንኪስ ሁለተኛ በ2007 የወጣው ከመጀመሪያው ዓመት ከምናምን በኋላ ነው፤ መፍጠን ምን እንደሚያደርግ ታያላችሁ። በመዘግየት በኩል የስቶን ሮዝስ አለ፤ የመጀመሪያው 1989፣ ሁለተኛው 1994 መጨረሻ። አምስት ዓመት የተጠበቀ ነገር እንዴት ባለ ጆሮ እንደሚሰማ ከሂሶቹ ታነባላችሁ።

ከሁሉም ግን ዊዘር የተባለውን ባንድ ሁለተኛ አልበም፣ «ፒንከርተን»ን አስቀድሙ። በ1996 ሲወጣ የሮሊንግ ስቶን አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ መደቡት። ያው መጽሔት በ2004 አምስት ኮከብ ሰጠው። ባንዱ ከ«ፒንከርተን» በኋላ እስከ 2001 ድረስ ሌላ አልበም አላወጣም። ርዝመቱ 34 ደቂቃ ገደማ ነው። የ1996ቱንም የ2004ቱንም ሂስ ሳታዩ ስሙትና ወረቀታችሁን ጻፉ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና የትኛው ዓረፍተ ነገር በጆሮ እንደሚረጋገጥ ከሥሩ አስምሩ።